ሁለት በር፣ አንድ ዘንግ

አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ለሁለት መንደሮች የመስኖ ውኃ ሥርዓት እንዲሠራ ተቀጠረ። መንደሮቹ ተራራው ላይ ሁለት ኩሬዎች አሏቸው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው የግማሽ ሰዓት መንገድ ዝቅ ብሎ። እያንዳንዱ ኩሬ የራሱ በር አለው፤ የሁለቱም ውኃ የሚወርደው ግን በአንድ የአፈር ቦይ ነው። ቦዩ የአንዱን ኩሬ ውኃ ይችላል፣ የሁለቱን አይችልም። ከቦዩ ግርጌ አሥራ አንድ ቤቶች አሉ። ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ከተከፈቱ ቦዩ ተደርምሶ ቤቶቹን ይዟቸው ይሄዳል።

ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ በሮቹ የሚከፈቱት በአንድ የብረት ዘንግ ነበር። ዘንጉን በሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ከተው ሲያዞሩት በሩ ይነሣል። በሩ ተመልሶ እስኪዘጋ ድረስ ዘንጉ አይወጣም። ተራ ሲደርስ አንዱን በር ይዘጋሉ፣ ዘንጉን ያወጣሉ፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ግማሽ ሰዓት ይሄድና ሌላውን ይከፍታል። ባለሙያው ይህን ሲያይ ሳቀ። «ሁለተኛ ዘንግ ማሠራት አቅቷቸው ነው ይህን ሁሉ ዘመን ብረት ሲሸከሙ የኖሩት?» አለ።

እሱ ለየበሩ ሞተር ገጠመ። ስልኩን አንዴ ሲነካ አንዱ በር ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል። በጋውን ሙሉ አራት መቶ ጊዜ ሞከረው፤ አራት መቶውንም ጊዜ በትክክል ሠራ። የወረዳው ሹም ደስ አለው። የምረቃው ቀን ተቆረጠ፣ እንግዶች ተጠሩ፣ ዘንጉም ለመታሰቢያ ያህል የሹሙ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

በምረቃው ዋዜማ አያ ደርበው ሥራውን ሊያዩ መጡ። ውኃውን በተራ የሚያካፍሉ፣ የውኃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ አለሚቱም አብረዋቸው መጡ፤ ከቦዩ ግርጌ ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው የእሳቸው ነው።

«ሁለቱ በሮች አንድ ላይ የሚከፈቱበት መንገድ አለ?» ሲሉ አያ ደርበው ጠየቁ።

«አራት መቶ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልሆነም።»

«ስንት ጊዜ እንዳልሆነ አልጠየቅሁህም፣ ልጄ። መሆን ይችላል ወይ ነው ያልኩህ።»

ባለሙያው አራት መቶ ትልቅ ቁጥር መስሎት ነበር።

«ስልኩን ስትነካው ምንድን ነው የሚሄደው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሁለት መልእክት ነው። አንዱ የላይኛውን ዝጋ ይላል፣ ሌላው የታችኛውን ክፈት።»

«አብረው ይደርሳሉ?»

«አብረው ነው የሚላኩት፣ አባቴ። የትኛውም ቢቀድም ለውጥ የለውም።»

ይኼኔ ወይዘሮ አለሚቱ ጣልቃ ገቡ። «ቆልቶ መፍጨትና ፈጭቶ መቁላት አንድ ነው እንዴ?»

አያ ደርበው መሬት ላይ ተቀምጠው ባለሙያውን ጠጠር አስለቀሙት። ለሁለቱ በሮች ሁለት ጠጠር፣ ለሁለቱ መልእክቶች ሁለት ጠጠር። በሩ ክፍት ከሆነ ነጭ፣ ዝግ ከሆነ ጥቁር፤ መልእክቱ ከደረሰ ነጭ፣ ገና መንገድ ላይ ከሆነ ጥቁር። ሊኖር የሚችለውን ሁሉ ሲደረድሩት አሥራ ስድስት ረድፍ ሆነ። ከዚያ በየረድፉ «እዚህ የሚያደርስ መንገድ አለ?» እያሉ ይሄዱ ጀመር። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ የባለሙያው እጅ ቆመ። ክፈት የሚለው ደርሷል፣ ዝጋ የሚለው ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው።

«ይኼ መቼ ይሆናል?»

«ኔትወርክ ሲቆራረጥ።»

«ኔትወርኩስ መቼ ይቆራረጣል?»

«ሲዘንብ» አለ ባለሙያው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አራት መቶውም ሙከራ የተደረገው በደረቁ ወራት ነበር። ኩሬዎቹ ጢም ብለው የሚሞሉት ደግሞ በበልግ ነው፤ በዚያ አገር የበልጉ ዝናብ ተራራው ላይ ጥሎ ማሳው ሳይደርስ ስለሚቀር ያን ጊዜም ውኃው የግድ ይለቀቃል።

ባለሙያው ዩኒቨርሲቲ ሳለ የተማረው አልጀብራ ትዝ አለው። መምህሩ የፕሮግራሙን እርምጃዎች በፊደል እየተካ፣ «ሀ»ን አስቀድሞ «ለ»ን ማስከተልና «ለ»ን አስቀድሞ «ሀ»ን ማስከተል እኩል መሆኑን ሳታረጋግጡ አትለፉ ይል ነበር። እሱ ለፈተና አጥንቶት፣ ጥሩ ውጤት አምጥቶበት፣ ረስቶታል። አፈረ።

ሹሙ ነገሩን ሰምቶ መጣ። «አያ ደርበው፣ ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም። ነገ እንግዶች አሉብን። የቀረውን በኋላ ያስተካክለዋል» አለ። ወይዘሮ አለሚቱ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ያዩ ነበር። ባለሙያው እሳቸው የሚያዩትን አየ።

«ነገ አይመረቅም» አለ።

ሹሙ ተቆጣ፣ ውሉን አፈርሳለሁ ብሎ ዛተ። ባለሙያው ግን ሞተሮቹን ፈታ፣ ዘንጉን ከግድግዳው አውርዶ ለአያ ደርበው መለሰላቸውና ወደ ፕሮግራሙ ተመለሰ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲኖር አደረገ። ቁልፉን ያልያዘ በር አይከፈትም። ቁልፉም ከአንዱ በር የሚለቀቀው በሩ ራሱ «ተዘግቻለሁ» ብሎ ሲመልስ ብቻ ነው። ሲጨርስ ወደ ሙከራ አልሮጠም። አስቀድሞ ቁልፉንም ጨምሮ ሊኖሩ የሚችሉትን ረድፎች ሁሉ እንደገና ደረደረ፤ ከየረድፉ የሚያስኬደውን እርምጃ ሁሉ ተከተለ። አንዱም እርምጃ ሁለቱ በሮች ክፍት ወደሆኑበት አላደረሰውም። መልእክት መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ ክፍት የሚቀረው ቢበዛ አንዱ በር ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ዘንጉን አስታወሰ። የሳቀበት ብረት ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል።

«ዘንጉን ያሰበው ማን ነው?» ሲል አያ ደርበውን ጠየቃቸው።

«አንድ ቀጥቃጭ ነው ይባላል። ቀጥቃጭ ነው ብለው ደህና መሬት ከለከሉት። ጎጆውን ከቦዩ ግርጌ ቀለሰ።»

ባለሙያው በሳምንቱ ሞተሮቹን መልሶ ገጠመ፣ ከወይዘሮ አለሚቱ ቤትም አንዲት ክፍል ለበልጉ ተከራየ። ዝናቡ ሲጀምር፣ የላይኛው በር ተዘግቶ መልሱ ገና ሳይደርስ፣ ኔትወርኩ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠፋ፤ ሁለቱም በሮች ዝግ ሆነው ዋሉ። ተራው የደረሰው የታችኛው መንደር ውኃው በግማሽ ቀን ዘገየብን ብሎ አጉረመረመ። ባለሙያው ያን ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ከወይዘሮ አለሚቱ ጋር ቆሎ ይበላ ነበር።

ብዙ ጊዜ ሠርቷል ማለት አይሳሳትም ማለት አይደለም። ሙከራ የሚነግረን ያየነውን ብቻ ነው። ያላየነው ቀን ሲመጣ የሚያድነን፣ ጥፋቱ የሚገባበትን መንገድ ሁሉ አስቀድመን ቆጥረን መዝጋታችን ነው። ይህን ልፋት የሚለፋ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ከቦዩ ግርጌ የሚኖር ግን ይለፋል።

እርስዎ ከሠሩት ቦይ ግርጌ የማን ቤት አለ? እርስዎስ እዚያ ክፍል ይከራያሉ?