ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ፣ ከራሳቸው በላይ አዋቂ የሌለ የሚመስላቸው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ከጫነችላቸው ሳምንት ሳይሞላ፣ ኮምፒውተራቸው በየሰዓቱ ድርግም እያለ መጥፋት ጀመረ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አስጠሯት።

ጠጋኟ ስትገባ ኮምፒውተሩ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ዳንቴል ለብሷል። እጇን ብታስጠጋ እንደ ካውያ ይፋጃል፤ የአየር መውጫው ታፍኗል።

ገና አፏን ሳትከፍት አቶ ልሳነወርቅ ቀደሟት። "ዳንቴሉን በእጇ የሠራችው ባለቤቴ ናት። የእሱ ጥፋት ነው ካልሽ ሚስቴን ሰደብሽ። የሊኑክሱ ነው ካልሽ ደግሞ የጫንሽው አንቺ ነሽና ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ። በይ፣ ጥፋቱ የማን ነው?"

ጠጋኟ ዳንቴሉን ቀስ ብላ አነሳች፤ አጣጥፋም በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

"የሊኑክስም የእትዬም ጥፋት አይደለም፣ ጌታዬ። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ያለቦታው ውሎ ነው። ኮምፒውተር ሲያስብ ይሞቃል፤ ሲሸፍኑት ይታፈናል። የእርስዎ ጭንቅላት ላይ ጣል ቢያደርጉት ግን፣ ዓመት ቢቆይም ሙቀት የሚባል አይነካውም።"