ሻይ የማይበርድበት መንገድ

አቶ ይልቃል የሚባል ባለጸጋ ነበረላችሁ፤ አውሮፕላን ከተሳፈረ ወዲህ እግሩ መሬት የሚረግጥ አይመስለውም። ሰርግም ይሁን ለቅሶ ወሬው አንድ ነው። «እናንተ በአውቶቡስ ስትንገላቱ ትውላላችሁ፤ እኔ ከቦሌ ተነስቼ አርባ ምንጭ እስካርፍ የቀዱልኝ ሻይ አይበርድም» ይላል። ሰፈርተኛው በቃሉ አጥንቶታል።

ታዲያ አንድ ቀን ሽማግሌዎች ልጁን ውብአንቺን አርባ ምንጭ ሙዝ ለሚያመርት ወጣት ሊጠይቁ መጡ። ልጅቷ ትወደዋለች፤ ጓዳ ሆና ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

አቶ ይልቃል ድሃ አማች አልፈለገም፤ ይህን በአፉ ማውጣት ግን አሳፈረውና ሰበብ ፈለገ።

«ልጁስ ጥሩ ነው አሉ» አለ ሆዱን እያሻሸ። «ግን አርባ ምንጭ እጅግ ሩቅ ነው። አንድ ልጄን ዓይኗን ወደማላይበት አገር አልሰድም። ሩቅ አይደለም የሚል ካለ ይናገር።»

 ከሽማግሌዎቹ መካከል ምላሱ የማያርፈው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጋቢውን አስተካክሎ ፈገግ አለ።

«ጌታው፣ ለሻይዎ እንዲያ የቀረበ አገር ለልጅዎ እንዴት ራቀ? የቱን እንደምናምን ቸገረን እኮ። ቅርብ ከሆነ ልጅቷን ይስጡን። ሩቅ ከሆነም እስከ ዛሬ የነዙብንን ጉራ መልሰው ይውሰዱልንና እንሂድ።»

አቶ ይልቃል ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከጎኑ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ፤ ሁሉም ሳቁን አፍኗል። ያን ሁሉ ጉራ ከየቤቱ ለቅሞ ከመመለስ ልጅ መዳር ቀለለውና፣ «ኧረ ቅርብ ነው፣ ተቀመጡ» አለ።