ከጭቃው ተቆፍራ የወጣችው ኤሊ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ስትሞት እቴነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ቀረችለት። ልጅቱ እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ ከል ለብሳ ጓዳ ገባች፤ ከሰው ጋር መነጋገርም ተወች። የሲራራው ጨው ሁሉ በጎርፍ ሲወሰድበት ቅንድቡ ያልተነቃነቀ ሰው፣ የልጁን ዝምታ ግን መቻል አቃተው። «እሷንም ላጣት ነው» እያለ ይፈራ ነበር።

ከንግድ ሲመለስ ከአንድ ረግረግ ዳር የጭቃ ኤሊ ይዞላት መጣ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከረግረጉ የመጣ ጭቃ አስደለደለበት፤ ውሃም ሞላበት። በዚህስ አይታማም። ያደገው በዚያው ረግረግ አጠገብ ስለሆነ ኤሊ ምን እንደሚመቻት ያውቃል።

እቴነሽ ትል እየቆፈረች፣ ትንንሽ ዓሣ እየቆራረጠች ታበላት ጀመር። ቀስ በቀስም ስለ እናቷ ታወራላት ጀመር። እያወራች ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ትንሽ ይቀላታል። ከግድግዳው ወዲያ የቆመው አባት ግን የሚሰማው ልቅሶውን ብቻ ነበር።

በጋው ሲጠና ኤሊዋ ምግብ ተወች። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ጭቃውን በጥፍሮቿ ቆፍራ ገባችና ከላይዋ ደፈነችው። የጭቃ ኤሊ ወጓ ነው፤ ዝናብ እስኪመጣ ሳትበላ ሳትጠጣ ከሥር ትቆያለች። ነጋዴው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ሆኖም ልጁ ከተደፈነው ጭቃ አጠገብ በከሏ ተቀምጣ ሲያያት መቃብር ታየው። አካፋ አንሥቶ ኤሊዋን ቆፍሮ አወጣት።

«አባዬ፣ ተዋት እባክህ። ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ትወጣለች» አለችው እቴነሽ።

«ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አፈር የሚገባ የለም!» አለ።

ኤሊዋ ተመልሳ ገባች፤ እሱም ደግሞ አወጣት። በመጨረሻ ጭቃውን አስጠርጎ ጉድጓዱን በድንጋይ አስነጠፈው፤ ጥርት ያለ ውሃም ሞላበት። በዚያው ሰሞን የልጁን ከል አስወልቆ ነጭ አለበሳት። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አዝማሪ ጠርቶ ደገሰ። ዘመድ «ኧረ ነውር ነው፣ ሐዘኗን ትጨርስ» ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ማንም ሊያስቆመው ያልቻለውም ለዚህ ነው።

ኤሊዋ ድንጋዩን ስትቧጥጥ ሰነበተች። ጥፍሮቿ አለቁ፤ ዝናቡ ሳይጥል ሞተች። አባቷ እያያት ስለነበር እቴነሽ አላለቀሰችም። እንዲያውም ፈገግ አለችለት። እሱም «ዳነችልኝ!» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ።

ከዚያ ወዲያ ፈገግታ ከፊቷ ጠፍቶ አያውቅም። ምሳውን ታቀርባለች፣ እግሩን ታጥበዋለች። ታማ «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ምንም» አለች። ስትዳርም «ከፋሽ ወይ?» አላት፤ «ምንም» አለች። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶባት ሊያጽናናት ሲሮጥ በሩ ላይ ፈገግ ብላ ተቀበለችው፤ «ምንም አልሆንኩም አባዬ፣ ግባ» አለችው። ያን ጊዜ ደነገጠ፤ ነገሩ ግን ከእጁ አምልጦ ነበር።

አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል እጇን ይዞ ጠየቃት።

«ልጄ፣ ስሞት ታለቅሺልኛለሽ?»

እቴነሽ ብዙ አሰበች። ልትዋሸው አልፈለገችም።

«እንዴት እንደሚለቀስ ጠፋኝ አባዬ» አለችው፤ ትራሱንም አስተካከለችለት።

በቀብሩ ዕለት አገሩ ሁሉ ሲያለቅስለት እሷ እንግዳ ታስተናግድ ነበር።

ወገኖቼ፣ ነጋዴው አላዋቂ አልነበረም። የኤሊንም የሐዘንንም ወግ ጠንቅቆ ያውቃል። ያቃተው የሚወዳት ልጅ ስታዝን አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እኛም «በቃ፣ እርሺው፣ እርሳው» እያልን የምንጣደፈው ብዙ ጊዜ ለራሳችን ጨንቆን ነው። ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው። ያለ ጊዜው ጎትተን ስናወጣው ሐዘንተኛው የዳነ ይመስለናል፤ እሱ ግን ከእኛ መደበቅን ነው የተማረው።

እስቲ አስቡት፤ በእናንተስ ቤት ሁልጊዜ «ምንም አልሆንኩም» የሚላችሁ ማን ነው?