መዝገብን ያባረሩት መጻሕፍት

ኑ ቀረብ በሉ፤ ያንቀላፋችሁም ንቁ! ድሮ ድሮ፣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ በሚነጋገርበት ዘመን፣ በአንድ ደሴት ገዳም ውስጥ የመጻሕፍት ቤት ነበረ። በዚያ ቤት እያንዳንዱ መጽሐፍ ማኅደር በሚባል የቆዳ ከረጢቱ ገብቶ ከግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል።

ግዙፉ ታሪክ ነበር። ለስላሳው ዜማ፣ ኮስታራው ሕግ፣ ትንሽዬው መድኃኒት ነበሩ። ደግሞም መዝገብ ነበር። መዝገብ የሌሎቹን ስምና መልክ ይይዛል እንጂ የራሱ የሚለው ነገር የለውም። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ የቤቱ ጠባቂ አባ ዘወንጌል መዝገብን ገልጠው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራውን ከማኅደሩ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

ከወለሉ ሥር ለምትኖረው አይጥ ይህ ልማድ አልተመቻትም። ብራና አምሯታል። “አንዱን ብበላ ስሙ ሲጠራ ይነቃብኛል። መዝገብ ከሌለ ግን ባዶ ማኅደር ቢንጠለጠል ማን ያውቃል?” አለች፣ ተንኮለኛዋ።

ወደ ታሪክ ወጣች።

“ጌታዬ፣ መዝገብ ስለ እርስዎ ምን እንደሚል ሰምተዋል? ‘ታሪክ፤ ቆዳው የተቀደደ’ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።”

“የነገሥታቱን ሁሉ ወሬ ተሸክሜ?” ብሎ ታሪክ ደሙ ፈላ።

ወደ ዜማ ወጣች። “‘ዜማ፤ ሰም የነጠበበት’ ይልዎታል።”

“እኔን?” ብሎ ዜማ አለቀሰ።

ወደ ሕግ ወጣች። “‘ሕግ፤ መጨረሻው የጎደለ’ ይልዎታል።”

“እኔ ጎደሎ? ይባረር!” ብሎ ሕግ ፈረደ።

“ኧረ ተዉ! እኔንም ‘ትንሽ’ ብሎኛል፤ ትንሽ ነኝ እኮ” አለ መድኃኒት። ማን ሰምቶት! ታሪክና ዜማም በፍርዱ ተስማሙ፤ አይጥም መዝገብን ጎትታ ጉድጓዷ ውስጥ ወረወረችው።

“አንተ ቀጭን ነህ፤ ከምግብ በኋላ ማጣጣሚያ ትሆነኛለህ” አለችው።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል ተመልሳ መጣችና መድኃኒትን ከማኅደሩ አውጥታ ይዛው ሄደች። ባዶው ማኅደር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሦስቱ ትልልቆች ይህን አዩ። ሁሉም በየልባቸው “ቀጥሎ እኔ ነኝ” አሉ።

አባ ዘወንጌል መጡ። መዝገብን ቢፈልጉ አጡት። ዓይናቸው ደክሟልና ማኅደሮቹን ከላይ ከላይ በእጃቸው ዳበሱ። “ተመስገን፣ ሁሉም በቦታው አለ። መዝገቡ እስኪገኝ ማስጣቱ ይቆይ” ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

“ሕግ፣ ተጣራ እንጂ!” አለ ታሪክ።

“የእኔን ድምፅ ሰው አይሰማም።”

“ዜማ፣ አንተስ?”

“ካልከፈቱኝ ምን አቅም አለኝ?”

ታሪክ ተጨነቀ። “ያንን ምስኪን ያስበላነው እኛ ነን። ቆዳዬ የፈለገውን ይሁን!” አለና ተወዛወዘ። የተንጠለጠለበት ጠፍር አልተበጠሰም። ደግሞ ተወዛወዘ፤ ጠፍሩ ሲጥ አለ። በሦስተኛው ተበጠሰና ታሪክ ከአይጧ ጉድጓድ አጠገብ ዱብ አለ። ቆዳው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

“ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?” ብለው አባ ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ የመዝገብን ጫፍ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አዩ። “አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?” ብለው ጎትተው አወጡት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ስም ይጠሩ ጀመር።

“ታሪክ!” ብለው ተመለከቱ፤ አለ። “ዜማ!” አለ። “ሕግ!” አለ።

“መድኃኒት!” ማኅደሩን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። “መድኃኒት! ኧረ መድኃኒት!”

ዶማ አምጥተው የአፈሩን ወለል ቆፈሩ። አይጥ አፏን እንደሞላች በመስኮት ፈረጠጠች። መድኃኒት ከታች ተጣጥፎ ተገኘ። ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ ጽሕፈቱ ግን ደህና ነበር። አባ ደስ ብሏቸው ሳሙት፣ አቧራውን አራገፉለት። ከዚያ ብዕር አንስተው መዝገብ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ “መድኃኒት፤ ትንሽ፤ ዳሩ የተበላ፤ አለ።”

ሦስቱ ትልልቆች አፍረው መዝገብን ይቅርታ ጠየቁት።

“እኔ እኮ ቀዳዳችሁን የጻፍኩት ላሳፍራችሁ አልነበረም” አለ መዝገብ። “ከሌላ ጋር እንዳትምታቱብኝ፣ እንዳትጠፉብኝ ብዬ ነው።”

እናንተም ልጆቼ፣ ጉድለታችሁን አውቆ ስማችሁን የሚጠራውን አትቀየሙት፤ የጠፋችሁ ቀን ሌላው ባዶ ማኅደራችሁን ዳብሶ ሲሄድ፣ ወለል አስቆፍሮ የሚያስወጣችሁ እሱ ነው።