ትራፊ የምትልሰው

ተረት ተረት፤ ሆድ የባሰው ይስማኝ። ከስሩ ጋዝ በሚንተከተክበት በርሜል ውስጥ ሁለት ባክቴሪያዎች ይኖሩ ነበር። ትልቋ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ስትበላ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይንጠባጠባታል፤ ትንሿ እሱን እየላሰች ታድራለች።

አንድ ቀን ትልቋን ጥጋብ ልቧን ነፋውና፣ «አንቺ ትራፊ ለቃሚ፣ በኔ ድካም እስከ መቼ ትወፍሪያለሽ? ካጠገቤ ጥፊ!» አለቻት።

«እሺ እሜቴ» አለች ትንሿ፤ «ብቻ ያፈሰሱት ላይ አይተኙ።»

ትንሿ ወደ በርሜሉ ጥግ ስትሄድ ትልቋ ሳቀች። ፈሳሹ ግን ቀን በቀን እየሞላ መጣ፤ መጀመሪያ ሆዷን ለበለባት፣ ቀጥሎ ጉሮሮዋን።

«የኔ እናት፣ ድረሽልኝ!» ብላ ተጣራች። እየተሳበች በርሜሉ ጥግ ብትደርስ፣ ትንሿ ምላሷን ወደ እሷ እንደዘረጋች በረሃብ ደርቃለች። ትልቋም እዚያው በገዛ ፈሳሿ ተቃጥላ ቀረች።

ጋዙ ዛሬም ከስር ይንተከተካል። የሚበላው የለም።