አሥራ ስምንት ስም በአንድ ፍላሽ

ወሬ አለኝ። ረጅም ነው፤ ግን አንዱን ጫፍ ከያዛችሁ ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

የዋርካ ሜዳ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ እታፈራሁ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ የአሥራ ስምንት ተጫዋቾቿ ስም በውድድሩ መዝገብ እንዲገባ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ መዝገቡ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያላስመዘገበ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ዳር ቁጭ ብሎ ሌላውን ያያል። አራት ሰዓት ላይ ፍላሿን ይዛ መዝጋቢው አቶ ጌጡ ዘንድ ደረሰች።

አቶ ጌጡ ፍላሹን ኮምፒውተራቸው ላይ ሰኩት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ነቀሉና በሁለት ጣት ይዘው መለሱላት።

«ቫይረስ አለበት፣ ልጄ። እዚህ የሃያ ሁለት ቡድን ስም አለ። አልቀበልም።»

«ጋሼ፣ በወረቀት ጽፌ ልስጥዎት?»

«ፎቶውና መታወቂያውስ? አጽጂውና ነይ። እስከ ስድስት አለሁ፤ ከስድስት በኋላ ግን የለሁም።»

ወደ ቡድኑ ቢሮ ሮጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። ፋይሎቹ የሉም፤ በየቦታቸው ቢጫኗቸው የማይከፈቱ አቋራጮች፣ ባዶ ሾርትከቶች ብቻ፣ ተደርድረዋል። ፍላሹን ብታጸዳውም እዚህ በተሰካ ቁጥር መልሶ ይበከላል። መዝጋቢው አልቀበልም አሉ፤ ፍላሹ አልጸዳም አለ፤ ላፕቶፑ አልድንም አለ።

ጸረ-ቫይረሱን ነካችው። ጠፍቷል። ላብራው ስትል የይለፍ ቃል ጠየቃት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የቡድኑ ቪዲዮ ቀራጭ ወንድይፍራው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳይከፈልበት እንዲሠራ ፈቃዱ የተሰበረ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ከሰው ወስዶ ጫነ። ፕሮግራሙ «መጀመሪያ ጸረ-ቫይረሱን አጥፋ» አለው፤ አጠፋው። ማንም መልሶ እንዳያበራበት ደግሞ ቆለፈው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ ዘፈኑንም ፊልሙንም ይዞ እዚያ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ከርሟል።

መዝጋቢው አልቀበልም አሉ፤ ፍላሹ አልጸዳም አለ፤ ላፕቶፑ አልድንም አለ፤ ጸረ-ቫይረሱ አልነቃም አለ።

ደወለችለት። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ያን ጊዜ ትዝ አላት፦ ወንድይፍራው ዛሬ ሚዜ ነው። ላፕቶፑን ታቅፋ ባጃጅ ያዘች። ከሙሽሪት ቤት ደጃፍ ስትደርስ አራት ከሃምሳ ሆኗል። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና አጃቢው ሁሉ በር ላይ ቆመው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ኮች! አንቺም ተጠርተሻል እንዴ?»

«ወንዴ፣ ላፕቶፑን ቫይረስ በልቶታል። ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡ ይዘጋል።»

ፈገግታው ጠፋ። «የይለፍ ቃሉን ብቻ ብሰጥሽ አይበቃም። ያንን ፕሮግራም ላውጣ፣ ጸረ-ቫይረሱን ላድስ፣ ላስፈትሽ፣ የተደበቁትን ፋይሎች ልመልስ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።»

«እና ና!»

«ሙሽራውን በር ላይ ጥዬ? እስከ ልጅ ልጆቹ ይወራብኛል! ይግባ ብቻ፤ ከዚያ እጄ ያንቺ ነው።»

በሩ ግን የቆርቆሮ በር ነው፤ ከውስጥ የሙሽሪት ጓደኞች ከበሮ እየመቱ ተደግፈውታል።

«ሚዜዎቹ ፊታቸውን ታጥበው ይምጡ!» ትላለች አንዷ።

«ቆመው ይድረቁ! ምሳው አልበሰለም!» ትላለች ሌላዋ።

መዝጋቢው አልቀበልም አሉ፤ ፍላሹ አልጸዳም አለ፤ ላፕቶፑ አልድንም አለ፤ ጸረ-ቫይረሱ አልነቃም አለ፤ ወንድይፍራው አልመጣም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ። አምስት ሰዓት ከአምስት።

እታፈራሁ በቆርቆሮው ስንጥቅ አየች። መቀርቀሪያው ላይ አንድ ትከሻ ተደግፏል። ያንን ትከሻ ታውቀዋለች፤ የግራ መስመር ተከላካይዋ የብርዛፍ ነው።

«ብርዛፍ!»

«ኮች? ኮችም ብትሆኚ አናስገባም! ሰኞ አሥር ዙር ብታስሮጪኝም አልነቃነቅም!» ውስጡ በሳቅ ተሞላ።

እታፈራሁ አፏን ስንጥቁ ላይ አድርጋ ሳትተነፍስ ተናገረች።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ካልተነቃነቅሽ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ወንዴ አይመጣም፤ ወንዴ ካልመጣ ጸረ-ቫይረሱ አይነቃም፤ እሱ ካልነቃ ላፕቶፑ አይድንም፤ ላፕቶፑ ካልዳነ ፍላሹ አይጸዳም፤ ፍላሹ ካልጸዳ መዝጋቢው አይቀበሉም፤ እሳቸው ካልተቀበሉ አሥራ አራት ቁጥር ብርዛፍ ዘንድሮ ሜዳ አትገባም።»

ከበሮው ቆመ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ብርዛፍ።

«አምስት ከአሥር።»

«ሴቶች! ዞር በሉ!»

ብርዛፍ ተነቃነቀች፤ በሩ ተከፈተ፤ ሙሽራው ገባ፤ ወንድይፍራው መጣ። ግቢው ጥግ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ በስልኩ ኢንተርኔት ጸረ-ቫይረሱን አነቃ። ፍተሻው አርባ በመቶ፣ ስልሳ በመቶ እያለ ተጎተተ። ሰማንያ ላይ ቆመ። እታፈራሁ ሰዓቷን ማየት ትታ ጣቶቿን ቆጠረች። ሰማንያ አንድ አለ። አምስት ከአርባ ሁለት ላይ ላፕቶፑ ዳነ፤ ፍላሹ ጸዳ፤ አሥራ ስምንቱም ስም ከነፎቶው ተመለሰ።

«ለሙዚቃው ይቺን ፍላሽ አንዴ ብቻ…» አለ አንድ አጃቢ እጁን ዘርግቶ።

«ሳትፈተሽ አትሰካም» አለች እታፈራሁ፣ መሰኪያውን በመዳፏ ሸፍና። ወደ ወንድይፍራው ዞረች። «ቃሉን አሁኑኑ ቀይረው። አዲሱን እኔም አውቀዋለሁ። የትኛውም ፕሮግራም ጸረ-ቫይረሱን አጥፉ ቢል፣ የሚጠፋው ፕሮግራሙ ነው።»

«እሺ፣ ኮች።» ቀና ብሎ አላያትም።

አቶ ጌጡ ቁልፋቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ እታፈራሁ ከባጃጅ ወርዳ ገባች። ፍላሹን ሰኩ። ስክሪኑን አዩ። ቀይ አልወጣም። ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ አስገቡ፤ አሥራ አራት ላይ ቆም አሉ።

«ይቺስ? የፎቶዋ አስተያየት ያስፈራል። ምን ትጫወታለች?»

«ተከላካይ ናት፣ ጋሼ። ሰው አታሳልፍም።»

«ማንንም?»

እታፈራሁ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበች።

«ዛሬ አንዴ አሳልፋለች» አለችና ተቀመጠች።

አቶ ጌጡ ማኅተሙን መቱ። አምስት ከሃምሳ ስምንት ነበር።