ስንዱና ከፍ ብላ የተሰቀለችው ሀ

ተረት መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት! ረጃጅሞች ወደ ኋላ፣ አጫጭሮች ወደ ፊት!

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። አንደኛ ክፍል ናት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭሯ እሷ ናት። ስትመዘገብ "እጅሽን በአናትሽ ላይ አዙረሽ ጆሮሽን ንኪ" ብለዋት፣ የጆሮዋን ጫፍ ብቻ ነው የነካችው፤ እሱንም አንገቷን ሰበር አድርጋ። "በቃ ደርሳለች፣ ትግባ" ተባለና ገባች።

ከገባች ወዲህ ስንቱን ተማረች! ለመናገር እጅ ማውጣት ተማረች። መሰለፍ ተማረች። የቀኝ ጫማዋን ከግራው መለየት ተማረች። ባቄላ በጣሳ ዘርታ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ብቅ እስኪል መጠበቅ ተማረች። ከሁሉ ከሁሉ ግን ፊደል ተማረች። ቲቸር ጥሩዓለም "ሀ በሉ!" ስትል ክፍሉ "ሀ!" ይላል። "ለ በሉ!" ስትል "ለ!" ይላል። በጣም ከመልመዳቸው የተነሳ፣ "ዝም በሉ!" ስትላቸውም "ዝም!" ብለው ይጮሃሉ።

እና ስንዱ አንድ ነገር ፈለገች። አንድ ትንሽ ነገር። መጠቆሚያ ዱላውን ይዛ፣ የፊደል ገበታው ፊት ቆማ፣ ክፍሉን ፊደል ማስቆጠር።

ሌሎቹ ልጆች በየተራቸው አስቆጥረዋል። የስንዱ ተራ የደረሰው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ትምህርት ለዕረፍት ይዘጋል። የስድስት ሰዓቱ ደወል ከተደወለ በቃ፣ ተራዋ አለፈ። ከዕረፍት መልስ ሌላ ተራ ይጀመራል፣ እሱም ከኋላ ወንበር ነው፤ አጭሯ ስንዱ ደግሞ የምትቀመጠው ከፊት።

ስንዱ ተነሳች። ዱላው ጥግ ላይ የለም! ገበታው ደግሞ ኳስ እንዳይመታው ከፍ ተደርጎ ነው የተሰቀለው። ተንጠራራች፤ ጣቷ የደረሰው ታች ፐ ላይ ነው። ከፐ የሚጀምር ደግሞ ማን አለ?

"ስንዱ፣ መሰላል ላምጣልሽ?" አለ ረጅሙ ኪሩቤል። ክፍሉ ሳቀ።

"አንተ፣ አርፈህ ተቀመጥ!" አለች ቲቸር ጥሩዓለም። "ስንዱዬ፣ ዱላውን ጥበቃው ጋሽ ዳምጤ ናቸው የወሰዱት። ሮጥ ብለሽ አምጪ። ደወል ሳይደወል ከደረስሽ ታስቆጥሪያለሽ። ግን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ነው፣ እሺ?"

"እሺ" አለች ስንዱ። እሺታዋን ራሱ ማንም አልሰማውም።

ሄደች። ጋሽ ዳምጤ ደወሉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዱላው ከግቢው በር ጀርባ በአግድም ተሸጉጧል።

"መቀርቀሪያው ተሰብሮብኝ ነው የኔ ልጅ" አሉ። "እሺ ካለሽ ውሰጂው።"

ስንዱ እጇን አወጣች።

"ምንድነው?" አለ ዱላው።

"ና፣ ሀን ጠቁምልኝ።"

"አልመጣም። እኔ ብለቅ ያቺ ፍየል ትገባለች። ከገባች ባቄላችሁን ከነጣሳው ነው የምትበላው። መጀመሪያ እሷን ሸኚልኝ።"

ፍየሏ ካልሄደች ዱላው በሩን አይለቅም፣ ዱላው ካልለቀቀ ስንዱ ሀ ላይ አትደርስም።

ስንዱ በበሩ ሥር ሾልካ ወጣች። አጭር መሆን እዚህ ላይ ጠቀመ። ፍየሏ በሩን በቀንዷ ትገፋለች። ስንዱ እጇን አወጣች።

"እሜቴ ፍየል፣ ሂጂ እንጂ!"

"ወዴት ልሂድ? ሆዴ ባዶ ነው። የድንች ልጣጭ ሳልቀምስ ንቅንቅ አልልም።"

ልጣጭ ከሌለ ፍየሏ አትሄድም፣ ፍየሏ ካልሄደች ዱላው በሩን አይለቅም፣ ዱላው ካልለቀቀ ስንዱ ሀ ላይ አትደርስም።

ከበሩ አጠገብ እትዬ ዘነበች ቅቅል ድንች ይሸጣሉ። ስንዱ ብረት ድስቱ ውስጥ አየችና እጇን አወጣች።

"ድንች፣ ልጣጭህን ስጠኝ።"

"ጥሬዬን እንዴት እላጣለሁ?" አለ ድንቹ። "ትንሽ ነው የቀረኝ። ውሃው ይፍላና እበስላለሁ።"

"እኔን ነው?" አለ ውሃው ከድንቹ ሥር። "እሳቱ ካልነደደ በምን ልፍላ?"

እሳቱ ካልነደደ ውሃው አይፈላም፣ ውሃው ካልፈላ ድንቹ አይበስልም፣ ድንቹ ካልበሰለ ልጣጭ የለም፣ ልጣጭ ከሌለ ፍየሏ አትሄድም፣ ፍየሏ ካልሄደች ዱላው በሩን አይለቅም፣ ዱላው ካልለቀቀ ስንዱ ሀ ላይ አትደርስም።

ስንዱ ጎንበስ ብላ እሳቱን ልትጠይቅ እጇን ስታወጣ፣ እትዬ ዘነበች እፍ እያሉ፣ ዓይናቸው በጭስ እያለቀሰ፣ "አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው እጅ የምታወጪው?" አሏት።

"ለእሳቱ ነው እትዬ። ዛሬ ተራዬ ነው።"

"እንግዲያው ስሚው፤ እኔንስ አልሰማ ብሎኛል።"

እሳቱ አንዴ ጨስ አለና፣ "ትናንት የጣለው ዝናብ እንጨቴን አበሰበሰው። ደረቅ ሰጋቱራ ካልነሰነሳችሁብኝ አልነድም" አለ።

ሰጋቱራ ያለው ወዴት ነው? አናጢ ጋ ነው። አናጢው ወዴት ነው? ግቢ ውስጥ ነው፣ አዲስ ክፍል እየተሠራ ነው። ስንዱ በበሩ ሥር ተመልሳ ሾለከች። ጋሽ ዳምጤ የእጅ ሰዓታቸውን አየት አደረጉ።

መጋዙ ጣውላ ላይ ተጋድሟል። ስንዱ እጇን አወጣች። "መጋዝ፣ ገዝግዝልኝ።"

"እኔ ጥርስ አለኝ እንጂ እጅ አለኝ?" አለ መጋዙ። "አንቺ ደግሞ እጅ አለሽ እንጂ ጥርስ የለሽም። ይልቅ አስማረን ጠይቂው።"

አስማረ የቀን ሠራተኛ ነው። ወጣት ነው፤ ግን ስሚንቶ ፀጉሩ ላይ ተነስንሶ የሸበተ አስመስሎታል። ጣውላዎቹ መሃል ተቀምጦ አገጩን ይዟል።

"ጋሼ፣ ምነው አትገዘግዝም?"

"እንዴት ልገዝግዝ? አናጢው ምስማር ሊገዛ ወጣ። ጣውላው ላይ ፊደል ጻፈና 'በፊደሉ ተራ ቁረጥ፣ ከአንዱ የተረፈው ለቀጣዩ ነው፣ ካዛባኸው እንጨቱ ይበላሻል' ብሎኝ ሄደ። ፊደሉንማ አንድ በአንድ ሳየው አውቀዋለሁ። ተራው ነው የጠፋኝ። ትምህርቱን ቶሎ ነው የተውኩት፤ ከመ በኋላ ያለው ከጭንቅላቴ ወጥቶ ስሚንቶ ገባበት። ተራውን የሚነግረኝ ካላገኘሁ አልገዘግዝም።"

እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ!

ተራውን የሚነግረው ከሌለ አስማረ አይገዘግዝም፣ አስማረ ካልገዘገዘ ሰጋቱራ የለም፣ ሰጋቱራ ከሌለ እሳቱ አይነድም፣ እሳቱ ካልነደደ ውሃው አይፈላም፣ ውሃው ካልፈላ ድንቹ አይበስልም፣ ድንቹ ካልበሰለ ልጣጭ የለም፣ ልጣጭ ከሌለ ፍየሏ አትሄድም፣ ፍየሏ ካልሄደች ዱላው በሩን አይለቅም፣ ዱላው ካልለቀቀ ስንዱ ሀ ላይ አትደርስም።

ስንዱ ጣውላዎቹን አየች። ለ እዚያ ጋ ተጋድማለች። ሠ እዚህ ጋ። ሀስ? ሀ እግሯ ሥር ናት! ከፍ ብላ አልተሰቀለችም፤ መሬት ላይ ተኝታለች። ስንዱ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካቻት።

"ሀ በሉ" አለች።

አስማረ ግራ ቀኝ አየ። "በሉ? እኔ እኮ አንድ ነኝ።"

"ሲያስቆጥሩ በሉ ነው የሚባለው።"

"እሺ፣ ብዙ ነኝ። ሀ!" አለና ሀን አነሳ። መጋዙ ቂርርር፣ ቂርርር ማለት ጀመረ።

"ለ በሉ" አለች ስንዱ።

"አልሰማሁሽም! መጋዙ ይጮሃል!"

"ለ በሉ!"

"ኧረ አልተሰማም!"

"ለ በሉ!!" አለች፣ ከሆዷ፣ ከጫማዋ፣ ያ ሁሉ ድምፅ የት ተቀምጦ እንደነበር እሷም አታውቅም።

"ለ!" አለ አስማረ። እሷ "ሐ በሉ!" ትላለች፣ እሱ ሐን ይቆርጣል። "መ በሉ!" ትላለች፣ መን ይቆርጣል። ከመ በኋላ አስማረ መጋዙን አቁሞ ዓይን ዓይኗን አያት። "ሠ በሉ!" አለች። "ሠ! ሠ ናት ለካ!" ብሎ ጭኑን መታ። ረንም ሰንም እንዲሁ ጨረሱ።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ስንዱ ቀሚሷን ዘርግታ ያዘች። አስማረ ገዘገዘ፣ ሰጋቱራው ረገፈ። ሰጋቱራው ተነሰነሰ፣ እሳቱ ቦግ አለ። እሳቱ ነደደ፣ ውሃው ተንተከተከ። ውሃው ፈላ፣ ድንቹ በሰለ። ድንቹ በሰለ፣ እትዬ ዘነበች ላጡት። ልጣጩ ወደቀ፣ ፍየሏ ሄደች። ፍየሏ ሄደች፣ ዱላው በሩን ለቀቀ።

"እሺ፣ አሁን ወዴት ነው?" አለ ዱላው።

"ወደ ሀ!"

ክፍል ስትደርስ እያለከለከች ነው፤ ቀሚሷ ሰጋቱራ፣ ጉልበቷ አፈር።

"ስንዱ! የት ቆየሽ?" አለች ቲቸር ጥሩዓለም።

ስንዱ እጇን አወጣችና በአዲሱ ድምፅዋ፣ "ዱላው በሩን ይዞ ነበር!" አለች።

"ዱላው በሩን ይዞ ነበር!" አለ ክፍሉ በሙሉ። ትምህርት መስሏቸው ነው።

"ፍየሏ ልጣጭ ስትጠብቅ ነበር!"

"ፍየሏ ልጣጭ ስትጠብቅ ነበር!"

"ድንቹ ውሃውን፣ ውሃው እሳቱን፣ እሳቱ ሰጋቱራውን ሲጠብቅ ነበር!"

ያንንም አሉት። ረጅሙ ኪሩቤል ከሁሉ በላይ ጮሆ አለው፤ መሰላሉን ረስቶታል።

"ጋሼ አስማረ ደግሞ እኔን ሲጠብቅ ነበር!"

"ጋሼ አስማረ ደግሞ እኔን ሲጠብቅ ነበር!"

ቲቸር ጥሩዓለም ልትቆጣ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ነበር። መልሳ ገጠመችውና፣ ከልጆቹ መሃል ሄዳ የስንዱ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ትንሽ ነው፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

"በይ እንግዲህ፣ ቲቸር ስንዱ" አለች።

ስንዱ በእግር ጣቶቿ ቆመች። ዱላውን ዘረጋች። የዱላው ጫፍ ከፐ ተነሳ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ከሁሉ በላይ ያለችዋን ነካ።

"ሀ በሉ!"

"ሀ!" አለ ክፍሉ። "ሀ!" አለች ቲቸር። ከአዲሱ ክፍል ደግሞ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ "ሀ!" አለ።

በር ላይ ጋሽ ዳምጤ የደወሉን ብረት እንደያዙ ሰዓታቸውን አዩ። ስድስት ሰዓት አልፏል። ጆሯቸውን ወደ ክፍሉ አዘነበሉ፤ ገና "ለ በሉ!" ላይ ናት። ብረቱን ጭናቸው ላይ አጋደሙና፣ "አንተም ተራህን ጠብቅ" አሉት ደወሉን።

ተረቴን ለተረኛ አቀብሉ፣ ለኔ ትኩስ ድንች ጠቅልሉ!